ርዕሰ መምህሩ ከየት ይምጣ? የምዕራብ ጎንደር ቆላና የትምህርት አመራር ሥልጠና

ከአብርሃ ጅራ እስከ መተማና ቋራ ባለው ቆላ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ሰሊጥ በሚደርስበት ሰሞን ነው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ጉልበቱ የጠና ልጅ ወደ እርሻ ይወርዳል፤ ክፍሉም እስከ ጥቅምት ማለቂያ ሳስቶ ይቆያል። ይህን ለአገሬው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት የሚሰጡት የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ግን፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ብቻ ታስቦ የተቀረጸ ነው፦ ተማሪው ከቀዬው የማይነቃነቅ፣ ቋንቋው ከመምህሩ ጋር አንድ የሆነ፣ መስከረም ላይ ተመዝግቦ ሰኔ ላይ የሚፈተን።

ኬኔት ሊትዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ከትምህርት ቤት ውስጥ ጉዳዮች መካከል ለተማሪ ውጤት ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ የሚመጣው አመራር ነው ብለዋል። አባባሉ እዚህም ይጠቀሳል። ነገር ግን አባባሉ አመራሩ ሥራውን እስኪያውቅ በቦታው እንደሚከርም ታሳቢ ያደርጋል። ቆላ የተመደበ ደገኛ በሙቀቱ፣ በወባውና በካላዛሩ መካከል ሆኖ ዝውውር ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ ተጎጂው ግን በየጊዜው አዲስ ሰው የሚለማመድበት ልጅ ነው።

ነገሩ የሚከፋው በመተማና በቋራ ለሚኖሩት ጉሙዞች ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በአማራ ክልል አዊዎች፣ ኽምራዎችና ኦሮሞዎች የራሳቸው የብሔረሰብ አስተዳደር ስላላቸው መብቱን የሚያስፈጽም መዋቅር አላቸው፤ የክልሉ ጉሙዞች ግን የላቸውም። ስለዚህ ልጁ አማርኛውን ሳይለምድ ፊደል ይቆጥራል፤ ወላጁም በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝምታው በቃለ ጉባኤ «ስምምነት» ተብሎ ይጻፋል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ሌላ አገርም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ ካጸደቀች ሁለት ወር ገደማ ቢሆን ነው፣ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሺዎች የሚቆጠሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ክፍላቸውን ጥለው የወጡት። የጠየቁት ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ ከወገናቸው የወጡ መምህራንና ርዕሳነ መምህራንም ጠይቀዋል። ንጽጽሩን አላራዝመውም፤ እነርሱ ብዙ ነበሩ፣ የመተማ ጉሙዝ ጥቂት ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው።

የአገሬው ተወላጅ ይመረጥ ሲባል ሹመት በዝምድና ይሆናል የሚል ስጋት ይነሣል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ዛሬም ምደባው ከዝምድና የጸዳ ነው ብሎ የሚምል አይገኝም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ሰፈራ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም አድገዋል፤ ከእነርሱና ከጉሙዙ የወጡ መምህራንን አሠልጥኖ፣ ልምድ ካለው ርዕሰ መምህር ሥር በምክትልነት ማቆየት ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ክልል፣ ከሰፈሩ የማይርቅ ሰው ዋጋው ከፍ ይላል።

ለርዕሰ መምህሩ ሥልጣን ካልታከለለት ግን ይህም ከንቱ ነው። የትምህርት ካሌንደሩ ባሕር ዳር ይወጣል፤ የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠይቀው የዕቅድ ፋይል ነው። ከአጨዳ የተመለሱትን ልጆች ያለፋቸውን ትምህርት በኅዳር ቅዳሜዎች ያስተማረ ርዕሰ መምህር በመገምገሚያ ቅጹ ላይ የሚሞላለት ሣጥን የለም።