የፍላጻ ምልክትና የተርጓሚው ዓይን

በልማድ «ቀስት» የምንለው የአቅጣጫ ምልክት በትክክለኛ ስሙ ፍላጻ ነው። ቀስት የሚለጠጠው ደጋን ነው፤ የሚወነጨፈው ፍላጻው ነው። ይህን የምናነሣው ለቃላት ጥራት ብቻ አይደለም። ምልክቱ መሣሪያ የነበረ መሆኑን ስንዘነጋ፣ ወይም በተቃራኒው ሹል መስመር ሁሉ መሣሪያ ነው ስንል፣ በጥንታዊ ሥዕል ላይ የራሳችንን ልማድ እናነባለን።

በፒሬኔ ተራሮች በሚገኘው የኒዮ ዋሻ ውስጥ፣ «ጥቁር አዳራሽ» በተባለው ክፍል፣ ጎናቸው ላይ ሹል መስመሮች የተሣሉባቸው የዱር በሬዎች ይታያሉ። ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ1906 ከታወቁ በኋላ ያጠኗቸው ካህኑ አንሪ ብሮይ፣ የሰሎሞን ሬናክን ሐሳብ በመከተል፣ መስመሮቹ ፍላጻዎች ናቸው አሉ። አዳኙ አውሬውን በሥዕል የሚወጋው በሜዳ እንዲወድቅለት ነው ማለት ነው። ትርጓሜው ማራኪ ስለ ነበር ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ነገሠ። ይሁን እንጂ በ1940 በተገኘው በላስኮ ዋሻ ከተሰበሰበው የምግብ አጥንት አብዛኛው በቅዝቃዜ አገር የሚኖር የአጋዘን ዓይነት ሲሆን፣ ይኸው እንስሳ በሥዕሎቹ መካከል ከሞላ ጐደል የለም። ዕለት ዕለት የሚታደነውን ትቶ ሌላውን የሚሥል አዳኝ ምን ዓይነት አስማተኛ ነው? በ1965 አንድሬ ለርዋ ጉራን ምልክቶቹን ተባዕትና አንስት ብለው ከፈሏቸው። በእኛ አስተያየት ይህም አንዱን መዝገበ ቃላት በሌላ ከመተካት አላለፈም።

ፍላጻ አቅጣጫ ጠቋሚ ሆኖ መሣሉ ራሱ የቅርብ ነገር ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ጐምብሪክ ከቀደምት ምሳሌዎች አንዱን ያገኙት ቤሊዶር በ1737 ማሳተም በጀመረው የውኃ ምህንድስና መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ፍላጻው የውኃውን ፍሰት ያሳያል። እኒሁ ሊቅ በ1972 «ፓይነር 10» የተባለችው መንኰራኵር የያዘችውን ሰሌዳ ሲተቹ፣ ቀስት ወርውሮ የማያውቅ ፍጡር በላዩ የተቀረጸውን ፍላጻ እንዴት ይረዳዋል ብለው ጠይቀዋል።

ጥያቄው እኛንም ይነካል። ብሮይ በናሚቢያ ብራንድበርግ ተራራ የተሣለውን ቀስት የያዘ ሰው «ነጭዋ እመቤት» ብለው ሰየሙት፤ ከሜዲትራኒያን የመጣች ሴት አድርገውም ጻፉ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አፍሪካዊ ወንድ መሆኑን፣ ንጣቱም ቀለም መሆኑን አስረድተዋል። በ1933 ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሥዕሎች የገለበጡትም እኒሁ ሰው ናቸው። ድካማቸውን አንክድም፤ ያለ እሳቸው ብዙ ሥዕል ሳይመዘገብ በጠፋ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቻችን የሐረርጌን ሥዕሎች የምናውቃቸው በባዕድ ቤተ መጻሕፍት ካለ ግልባጭ ነው። የትኛው እድፍ፣ የትኛው መስመር እንደ ሆነ የወሰነው ገልባጩ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ እነዚህን ሥዕሎች የሚያሳትም ሁሉ ፎቶግራፉን ከግልባጩ ጎን እንዲያወጣ፣ «ፍላጻ» ከማለቱም በፊት «ሹል መስመር» ብሎ እንዲመዘግብ እንጠይቃለን።