ከቀኝ ወንበር መውረድ

በግሉ፣ አንድ ለአንድ የሚያስተምር የበረራ አስተማሪ ትልቁ ፈተናው ተማሪው አውሮፕላኑን ትቶ አስተማሪውን ማንበብ መልመዱ ነው። ሴስና 172 ጠባብ ናት፤ ተማሪው በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ነው የምንቀመጠው። እጄ ወደ መሪው ጠጋ ሲል፣ እግሬ መርገጫውን ሲነካ ያያል። ጥቂት ሳምንት አብረን ከበረርን የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ መነሣቱን ከእኔ ትንፋሽ ያውቀዋል። ለሚያየው ሰው ጎበዝ አብራሪ ይመስላል። እኔ የወረድኩ ቀን ግን ሲያነበው የነበረው መለኪያ አብሮኝ ይወርዳል።

የማስተምርባት ሪያድ ይህን ልማድ ታባብሳለች። የሳውዲ አቪዬሽን ክለብ መቀመጫ የሆነው የሱማማ አየር ማረፊያ ከከተማው በስተሰሜን በረሃው ውስጥ ነው። አቧራ በተነሣ ቀን አሸዋውና ሰማዩ አንድ ቀለም ይሆኑና አድማሱ ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ የሚለማመድ ሰው እንጦጦ፣ የረርና ፉሪ አቅጣጫውን ይነግሩታል፤ እዚህ ከጡወይቅ ገደል ከራቁ በኋላ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ብዙም የለም። ዓይኑ ማረፊያ ያጣ ተማሪ ዞር ብሎ የሚያየው ደግሞ እኔን ነው። «ካፕቴን፣ ልክ ነኝ?» ይላል። «ፍጥነት መለኪያው ምን ይላል?» እለዋለሁ።

ሙቀቱም የራሱ ትምህርት አለው። ሪያድ ከባሕር ጠለል 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ብትገኝም፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ 43 ዲግሪ ሲሞላ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚበረው። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ በ20 ዲግሪ እንኳ 3,000 ሜትር ገደማ እንደሆነ ይቆጠራል። በዚህ የተነሣ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነቱ ሪያድ ላይ 71፣ ቦሌ ላይ 75 ኖት ያህል ይሄዳል። ሊያርፍ የተቃረበ ጀማሪ መሬቱ ሲሮጥበት «ፈጠንኩ» ብሎ ይደነግጥና ፍጥነት ይቀንሳል፤ ክንፉ የሚሸከመው አየር ያጣል። ጎህ ሲቀድ መብረር ድካሙን ቢያቀልም፣ ይህን ስሕተት ለይቶ የሚያሳየው ሙቀቱ ነውና ተማሪው ሲበረታ ሞቅ ባለ ሰዓት አወጣዋለሁ።

ለአንድ ሰው ተብሎ የተሰፋ ሥልጠና ማለት ቀላል ሥልጠና ማለት አይደለም። የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ቁጥር የሚወድ ተማሪ ዓይኑን ከመለኪያ አይነቅልም፤ ለእሱ መለኪያዎቹን በካርቶን እሸፍናለሁ፣ በሞተሩ ድምፅና በአፍንጫው አቀማመጥ እንዲበር። በስሜት የሚበረው ደግሞ የመንደርደሪያ ርቀቱን በእርሳስ ሳያሰላ ሞተር አያስነሣም። የሚፈራውን ሰው ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው የሚሆነውን) የማስተምረው ቶሎ ነው፤ ሳያየው በቆየ ቁጥር ፍርሃቱ ያድጋልና።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ዝምታ ነው። ከመነሣታችን በፊት መሪውን የምቀበልበትን ከፍታና ፍጥነት ቆርጬ ለተማሪው እነግረዋለሁ። ከዚያ ወሰን በላይ እስካለን ድረስ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ዓይኔ ወደ ቀኝ መስኮት። ወሰኑ ሲነካ «መሪው የእኔ ነው» እላለሁ፤ ክርክር የለም። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል እንጂ አብሮ አይቆጥርለትም። በረራም የሚታረመው ተማሪው ብቻውን የሠራው ሲሆን ነው።

በግል ማስተማር ሌላም ፈተና አለው። የምከፈለው በሰዓት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪነት ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 40 ሰዓት፣ በጸደቀ ኮርስ ሲሆን ደግሞ 35 ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ሰዓቱ ሲረዝም ግን ተማሪው በእውነት ስላልደረሰ ነው ወይስ እኔን ስለተደገፈ? ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ አስተማሪ በየምዕራፉ ይፈትነዋል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ያን ዓይን መዋስ አለበት፤ ተማሪዬን በየጊዜው ከማያውቀው አስተማሪ ጋር አስበርራለሁ። ተማሪው የዚያን አስተማሪ ትንፋሽ ማንበብ ስለማይችል ያወቀውና ያላወቀው በአንድ በረራ ይለያል።

ብቻውን እንዲበር ሎግቡኩ ላይ የምፈርመው ፊርማ «ተምሯል» ከማለት አልፎ «እኔ አላስፈልገውም» ይላል። ስለዚህ አስተማሪ የሚፈልግ ሰው የአስተማሪውን የበረራ ሰዓት ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሌላ ማን ይፈትነኛል? አንተስ ምን ስታይ ነው ከአውሮፕላኑ የምትወርደው? ለሁለተኛው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው አስተማሪ የሚያዘጋጅህ አጠገብህ ለሚቀመጥባቸው ቀናት ብቻ ነው።