«ጴጥሮስና ተኩላው» በአሻንጉሊት መድረክ

ሰርጌይ ፕሮኮፊዬቭ በናታልያ ሳትስ ጠያቂነት ለሞስኮ ማዕከላዊ የሕፃናት ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1936 የደረሰው «ጴጥሮስና ተኩላው»፣ በአሻንጉሊት ቲያትሮችም ዘንድ ለቤተሰብ ትርኢት የሚመረጥ ሥራ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ የሙዚቃ መሣሪያ አለው፤ ወፏ በፍሉት፣ ዳክዬዋ በኦቦ፣ ድመቱ በክላሪኔት፣ ተኩላው በሦስት ሆርኖች ይወከላሉ። እንግዲህ ሙዚቃው ሁሉን ከነገረን ለአሻንጉሊቱ ምን ተረፈው?

የተረፈው ክብደቱ ነው። በክር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት የሚራመደው ወደ ላይ የሚስበው ክርና ወደ ታች የሚጎትተው ክብደት ሲመዛዘኑ ነው። ክሩ በረዘመ ቁጥር የእጅ ትእዛዝ ወደ እግር የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ባለሙያው ከምቱ ጥቂት መቅደም ይኖርበታል። የድመቱን እርምጃ ከክላሪኔቱ ጋር በትክክል ያገናኘ ባለሙያ (ድካሙን የሚያውቀው የሞከረው ነው) ከሙዚቀኛው ያነሰ ተግባር አልፈጸመም። በየኖታው ጭንቅላት ማወዛወዝ ግን መድረኩን ከማጨናነቅ አያልፍም።

ቅርጹና ይዘቱ የሚፈተኑት በፍጻሜው ላይ ነው። ተኩላው ዳክዬዋን ከነሕይወቷ ውጧታል፤ በመዝጊያው ከሆዱ ውስጥ የምትሰማው በኦቦዋ ድምፅ ብቻ ነው። የዋልት ዲስኒ የ1946 ፊልም ዳክዬዋ እንዳልተበላች አድርጎ ታሪኩን ይጨርሳል። በእኛ አስተያየት ይህ ሕፃናትን መናቅ ነው። የአሻንጉሊት መድረክ ዳክዬዋ የነበረችበትን ስፍራ ባዶ አድርጎ ሊተወው ይችላል፤ ሕፃኑም በዓይኑ ያጣትን በጆሮው ይፈልጋታል።