ደመኛን መውደድ፦ የሆሊ ብላክ ሦስት ቅጽ ልቦለድ ከልዑሉ ባሻገር

የሆሊ ብላክ «ጨካኙ ልዑል» የሚጀምረው በግድያ ነው። ማዶክ የተባለ የጦር አዛዥ በሰዎች ዓለም ወዳለ ተራ መኖሪያ ቤት ይመጣና ጥላው የኮበለለችውን ሚስቱን ኤቫንና አብሯት የሚኖረውን ሰይፍ አንጥረኛ ጀስቲንን ልጆቻቸው እያዩ ይገድላቸዋል። ማዶክ ሰው አይደለም፤ ባርኔጣቸውን በገደሏቸው ሰዎች ደም ከሚነክሩት፣ «ሬድካፕ» ከሚባሉት የፌሪ ወገኖች ነው። ከግድያው በኋላ ሦስቱንም ሴት ልጆች ይዞ ኤልፍሄም ወደተባለው የፌሪዎች ግዛት ይመለሳል። ከሦስቱ የእሱ ልጅ ትልቋ ቪቪ ብቻ ናት። የሰባት ዓመት መንትዮቹ ጁድና ታሪን የሟቹ የጀስቲን ልጆች ናቸው። ሆኖም ከሚስቱ የተወለዱ ናቸውና ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብሎ ከመኳንንት ልጆች ጋር ያሳድጋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ መጽሐፍ፣ በ2019 ከተከተሉት «ክፉው ንጉሥ» እና «የምንም ንግሥት» ጋር፣ በወጣት አንባቢዎች ዘንድ ስሙ የገነነው በዚህ ግድያ አይደለም። የገነነው በጁድና በካርደን ፍቅር ነው። ካርደን የበላይ ንጉሡ የኤልድሬድ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ሰካራም፣ ምላሰኛ፣ ደካማን ማሠቃየት የሚያስደስተው የሚመስል ልዑል። በልቦለዱ ዙሪያ የሚካሄደው ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ይሽከረከራል፦ እንዲህ ያለ ሰው ይፈቀራል ወይ? ለወጣት ሴት አንባቢስ እንዲህ ያለውን ፍቅር ማሳየት ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን የተሳሳተውን ወንድ የሚመለከት ጥያቄ ይመስለኛል። በዚህ ልቦለድ ውስጥ ጁድ መጀመሪያ የወደደችው ጠላት ካርደን አይደለም፤ ማዶክ ነው። የልዑሉ ፍቅር የሚፈታውም፣ ሳይፈታ የሚተወውም፣ ከዚያ ቀድሞ የታሰረውን ቋጠሮ ነው።

ከጠላትነት ወደ ፍቅር የሚያመራ ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። በጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. የ1813 ልቦለድ ኤልሳቤጥንና ዳርሲን ያራራቃቸው ኩራትና የተሳሳተ ግምት ነው፤ ግምቱ ሲታረም ጥላቻው ይከስማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ በተጻፈው የውቢቱና የአውሬው ተረት ደግሞ አስፈሪው መልክ ሲገፈፍ ከሥሩ ልዑል ይወጣል። በሁለቱም ጠላትነቱ ሽፋን ነበር ማለት ይቻላል። በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር ያደገ የአማርኛ አንባቢ የሚያውቀው እንቅፋት ደግሞ ሌላ ነው፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የዘር ኩራትና የአባት ሥልጣን እንጂ በመካከላቸው የተፈጸመ በደል አይደለም። ብላክ ሁለቱንም መንገዶች ትዘጋለች። ጁድ ካርደንን የምትጠላው ተሳስታ አይደለም። እሱና ጓደኞቹ ሥጋ በል ፍጡራን ካሉበት ወንዝ ከእህቷ ጋር ጥለዋታል፤ የሰውን አእምሮ የሚያደነዝዘውን የፌሪዎች ፍሬ በግድ ሲያበሏትም እሱ ከመካከላቸው ነበር። በደሉ በደል ነው፤ እንቅፋቱም በራሳቸው በፍቅረኞቹ ውስጥ ነው።

ታዲያ ጁድ ይህን ሁሉ ተሸክማ መውደድን ከየት ተማረች? ከማዶክ ቤት። ብላክ ይህን የምትነግረን በማብራሪያ ሳይሆን በአንድ ዕቃ ነው። ማዶክ ለጁድ ናይትፌል የተባለ ሰይፍ ይሰጣታል። ሰይፉን የቀጠቀጠው ጀስቲን ነው፤ ማለትም በማዶክ እጅ የሞተው ወላጅ አባቷ። ገዳዩ የሟቹን የእጅ ሥራ ለሟቹ ልጅ በስጦታ ሲያበረክት በቅንነት ነው፤ ሊሣለቅባት አይደለም። ጁድም ስጦታውን ትቀበላለች፤ ትወደዋለችም። በዘመናዊ የወጣቶች ምናባዊ ልቦለድ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የከበደ ስጦታ አላውቅም። ማዶክ ሰይፍ አያያዝ፣ የጦር ስልት፣ ጠላትን አስቀድሞ ማንበብ አስተምሯታል። ፍርሃቷን ሳትረሳ ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ በልታለች። የምትጠላውን ሰው እያደነቀች፣ በምታደንቀው ሰው ላይ ደም ልትመልስ እያሰበች አሥር ዓመት ኖራለች።

በመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ የሚሆነው የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። ጁድ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እየወሰደች ሰውነቷን አለማምዳለች፤ ከዚያም ለማዶክ በወይን መርዝ ሰጥታ፣ አብራው ጠጥታ፣ በሰይፍ ትገጥመዋለች። በጉልበት ልታሸንፈው እንደማትችል ታውቃለች፤ በተማረችው ታሸንፈዋለች። ሴት ልጅ አባቷን የምትመስለው በምትጥለው ሰዓት ነው። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ጥላቻና ልጅነት አይነጣጠሉም፤ ከካርደን ጋር የሚደረገው እያንዳንዱ ጠብም የዚህ ግጥሚያ ልምምድ ይመስላል።

ስለ «ግራጫ ገጸ ባሕርይ» ብዙ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚታሰበው ጥሩና መጥፎ በእኩል የተደባለቀበት ሰው ነው። ጁድ እንዲህ አይደለችም። ደግና ክፉ ተግባሮቿን በሁለት ረድፍ ብንጽፍ ምንም አንረዳም። ሊገድላት የመጣውን ቫለሪያንን ገድላ ሬሳውን በድብቅ ስትቀብር ራሷን መከላከሏ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታውቀው ነገር ግን መግደል እንደምትችል ነው፤ ያ እውቀት ያስደነግጣታል፣ ደግሞም ያጠነክራታል። ብላክ ታሪኩን በአንደኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ እንድትተርከው ያደረገችው ለዚህ ይመስላል። ጁድ ነገሩን ወደኋላ ዞር ብላ የምታይበትና የምትጸጸትበት ርቀት የላትም። የምትሠራውንና ምክንያቷን በአንድ እስትንፋስ ትነግረናለች፤ እኛም ሳንፈርድ ጥቂት ርቀት አብረናት እንሄዳለን፤ ከዚያ የደረስንበት ቦታ ያሳስበናል። በእኔ እምነት የግራጫነት ጥበብ ይህ ነው፤ አንባቢን ተባባሪ ማድረግ።

በዚህ ላይ ብላክ ከስኮትላንድ የቆዩ የትረካ ግጥሞች የወሰደችው አንድ ሕግ አለ። ስለ ቶማስ በሚተርከው ግጥም የፌሪዎች ንግሥት ለሰውዬው መዋሸት የማይችል አንደበት ትሰጠዋለች። በኤልፍሄም ነገሩ ተገልብጧል፦ መዋሸት የማይችሉት ፌሪዎቹ ናቸው፤ ውሸት የሰው ልጅ ብቸኛ ጦር መሣሪያ ነው። ስለዚህ በዚህ ልቦለድ ውሸታሟ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ናት፤ እውነተኛው ጨካኙ ልዑል ነው። ጁድ ካርደንን አስራ፣ ጦር መሣሪያ ደግና ለምን እንደሚጠላት ስትጠይቀው የሚሰጣት መልስ የሚያርደው ለዚህ ነው። ስለ እሷ አዘውትሮ እንደሚያስብ፣ በዚህም ራሱን እንደሚጸየፍ ይናዘዛል። በሌላ ልቦለድ ይህ የፍቅር መግለጫ ተብሎ ሊጠረጠር ይችል ነበር፤ እዚህ ግን ሊዋሽ በማይችል አፍ፣ በግዳጅ የወጣ ማስረጃ ነው። ጥላቻው ከፍላጎት ጋር እንደተጣበቀ እናውቃለን፤ ጥላቻ መሆኑ ግን አልቀረም።

አሁን ወደ ተገቢው ጥያቄ ልመለስ። የካርደን ጭካኔ በልቦለዱ ውስጥ ምክንያት ተሰጥቶታል፤ ታላቅ ወንድሙ ባለኪን ያስገርፈዋል፤ ጁድ ተደብቃ ታያለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ልጅነቱ የወጣው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይህን ቁስል ያሰፋዋል። እዚህ ላይ ብላክ ወደ አደገኛው ቀላል መንገድ ትጠጋለች፤ የተገረፈ ልጅ ቢገርፍ ይቅር ይባላል የሚለው ስሌት በወጣቶች ልቦለድ ውስጥ እጅግ ተለምዷል፤ በየዓመቱ የሚወጡ የፌሪ ፍቅር ታሪኮችም ያለ እፍረት ይደጋግሙታል። ብላክን ከእነዚህ የሚለያት አንድ ነገር ነው። ግርፋቱን ያየችው ጁድ ያየችው ጨካኝ ልጅ ሲሰቃይ እንጂ ደግ ልጅ አይደለም፤ ያን ጊዜም ልቧ ወዲያው አይራራም። ማብራሪያ ይሰጣል፤ ምሕረቱ ግን ገና ሩቅ ነው። ሚዛኑ ሁልጊዜ አይጠበቅም፤ በሦስተኛው ቅጽ ካርደን ቀልደኛና አፍቃሪ ንጉሥ ሲሆን የወንዙ ቀን የተረሳ ይመስላል። ያ እንከን ነው።

ከዚህ የሚከፋው በደል ግን የጁድ ነው፤ ተቺዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉትም ይህን ነው። ካርደን ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ትእዛዟን እንዲፈጽም ታስምለዋለች፤ ከዚያም ዙፋኑን የሚወርሰው ትንሹ ወንድሟ ኦክ እንዲሆን ሲጠበቅ፣ ሳያስበው ለካርደን ዘውድ እንዲደፋለት ታደርጋለች። ሁለተኛው ቅጽ እንግዲህ የሚተርከው በገመድ የታሰረ ንጉሥንና ገመዱን የያዘች ሟች ሴትን ነው፤ ፍቅራቸው የሚያድገውም በዚያ ገመድ ላይ ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታ ምን ዋጋ አለው? ጁድ ጥያቄውን ታውቃለች፤ ትሸሸዋለች። ቅጹ ሲያልቅ ካርደን ያገባትና ወዲያው ወደ ሰዎች ዓለም ያሳድዳታል። ስደቷ የሚያበቃው በዘውዱ ይቅርታ ነው፤ ጁድ ራሷ ንግሥት ስለሆነች ዘውዱ እሷም ናት፤ በቁጣ ታውራ ይህን አታስተውልም። ሁለት ሰዎች በገመድ መዋደድ ከጀመሩ እምነት የሚባለው ነገር እንግዳ ቋንቋ ይሆንባቸዋል።

የማዶክ ትምህርት እዚህ ላይ ይገለጣል። ማዶክ ኤቫን ይወዳት ነበር፤ ስትሄድበት የእሱ ናትና ተከትሎ ገደላት። ልጆቹን ይወዳል፤ ስለዚህ ይዟቸው ይሄዳል። በእሱ ቤት መውደድ መያዝ ነው። ጁድ ካርደንን በመሐላ ስትይዘው አባቷ በሚያውቀው መንገድ እየወደደች ነው።

በ«የምንም ንግሥት» ውስጥ የሚመጣው ፈተና ለዚህ የተቆረጠ ነው። ካርደን ዘውዱን ሲሰብር እርግማን ወርዶበት ግዙፍ ዘንዶ ይሆናል። ለጁድ የወርቅ ልጓም ይቀርብላታል፤ ብትለጉመው ለዘላለም ይታዘዛታል። ምንጩ የስኮትላንዱ የታም ሊን ግጥም እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ብላክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው የመጀመሪያ ልቦለዷ «አሥራት» ስሙን ያገኘው ፌሪዎች በየሰባት ዓመቱ ለሲዖል ከሚከፍሉት፣ በዚያው ግጥም ከሚነሳው ግብር ነው። በግጥሙ ጃኔት ፍቅረኛዋን ከፈረስ ላይ ጎትታ ታቅፈዋለች፤ ወደ እባብ፣ ወደ አውሬ፣ ወደ ጋለ ብረት ሲለወጥ አትለቀውም፤ በመያዟ ታድነዋለች። ብላክ ይህን ጥንታዊ ጀግንነት ትገለብጠዋለች። ጁድ ልጓሙን ትታ የዘንዶውን አንገት ትቆርጣለች። እንደሚመለስ አታውቅም፤ ለዘላለም ተገዝቶ ከሚኖር ቢሞት ይሻለዋል ብላ ነው። ከሬሳው ውስጥ ካርደን በቀድሞ መልኩ ይወጣል። መያዝን የተማረችው ልጅ መልቀቅን የመረጠችበት ቅጽበት ነው፤ የሦስቱ ቅጾች ጥበብ ሁሉ ወደዚህ ይመራ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሦስተኛው ቅጽ ግን ከዚህ ቀጥሎ ይቸኩላል። ባሏን ሎክን የገደለችው ታሪን ብዙም ሳትጠየቅ ታልፋለች። ዋናው ጉድለት ግን በማዶክ ፍርድ ላይ ነው። ማዶክ በዙፋኑ ላይ ስላመፀ ይሸነፋል፤ ወደ ሰዎች ዓለምም ይሰደዳል። ፍርዱ የተሰጠው ስለ አመጹ ነው። ስለ ኤቫና ስለ ጀስቲን ደም በዙፋኑ ፊት አንድም ቃል አልተጠየቀም፤ ፈራጇ ደግሞ ልጃቸው ናት። ጁድ ይህን ደም ይቅር ማለቷን ወይም መተዋን ብላክ በግልጽ ብታሳየን፣ ካርደንን የለቀቀችበት ትዕይንት እኩያ ያገኝ ነበር። ይህን ባለማድረጓ ልቦለዱ የከፈተውን ትልቁን ጥያቄ ሳይዘጋ ጨረሰ።

ደራሲዋም የተወችው አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው «የተሰረቀው ወራሽ» አሁን ያደገው ኦክ ወደ ሰሜን በረዷማ ምድር አደገኛ ጉዞ ይጀምራል፤ ደብቆ የያዘው ዓላማ ማዶክን ከምርኮ ማስለቀቅ ነው።