የዶክተር ጆንሰን ሦስት ወዳጆች

ስመ ጥር ሰው በሞተ ጊዜ አብረውት የኖሩ ወዳጆቹ ታሪኩን ለመጻፍ ይሽቀዳደማሉ። ዛሬም የዘፋኙ፥ የጦር አለቃው፥ የመሪው ወዳጅ ነበርሁ የሚል ሰው ያሳተመው መጽሐፍ በየመደብሩ ተደርድሮ ይገኛል። የሚበዛው ወይ መወድስ ነው፥ ወይ የቈየ ቂም መወጫ ነው። የወዳጅ ምስክርነት የሚታመነው መቼ እንደ ሆነ ለመመርመር፥ ስለ አንድ ሰው ብዙ ወዳጆች የጻፉትን አስተያይቶ ማንበብ ይጠቅማል። በእንግሊዛዊው ሊቅ በዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ላይ የሆነው ይህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጆንሰን በ1709 ተወልዶ በ1784 የሞተ፥ በ1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1735 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ የኢየሱሳዊው የጀሮኒሞ ሎቦ የኢትዮጵያ ጕዞ ትርጕም ነበረ፤ በመቅድሙም የፖርቱጋልን ሚሲዮናውያን ሥራ ሳይነቅፍ አላለፈም። በ1759 ያሳተመው ልብ ወለድ «ራሴላስ» የሚለውን ስም ያገኘው በዚያው በሎቦ መጽሐፍ ከተጠቀሰው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነው፤ ይህንንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። እናቱ በሞተች ጊዜ ለቀብሯ ወጪ እንዲሆነው በአንድ ሳምንት ምሽቶች የጻፈው መሆኑን ለዓለም ያስታወቀው ወዳጁ ጄምስ ቦዝዌል ነው።

ጆንሰን ከሞተ በኋላ ወይዘሮ ሄስተር ትሬል (ኋላ ወይዘሮ ፒዮዚ) በ1786፥ ሰር ጆን ሆኪንስ በ1787፥ ቦዝዌልም በ1791 ስለ እርሱ የጻፉትን አወጡ።

ከሦስቱ በወዳጅነት የሚቀድመው ሆኪንስ ነው። በ1749 ጆንሰን ካቋቋመው ማኅበር አባል ነበረ፤ ሊቁ ገና ድኻ ሳለ ያውቀዋል፤ ከኑዛዜው አስፈጻሚዎችም አንዱ ሆነ። ዳሩ ግን መጽሐፉ ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ዳኛ እንደ ጻፈው ነው። ጆንሰን በጃማይካ በባርነት ተወልዶ በቤቱ ላደገው አገልጋዩ ለፍራንሲስ ባርበር ሀብቱን አብዛኛውን አወረሰው። ሆኪንስ በመጽሐፉ መጨረሻ ይህን ቸርነት እንደ ከንቱ ታይታ ቈጠረው። የኑዛዜ አስፈጻሚው ኑዛዜውን ነቀፈ ማለት ነው። ቦዝዌል ግን ወደ ባርበር ሄዶ የጠየቀና ከእርሱም ብዙ ያገኘ ሰው ነው። የሟቹን ፍቅር የናቀ ወዳጅ፥ የቱንም ያህል ዘመን ቢያውቀው፥ ስለ ልቡ ሊመሰክር አይችልም።

የወይዘሮ ትሬል ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ጆንሰን ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል በእርሷና በባሏ ቤት እንደ ቤተ ሰብ ሲመላለስ ኖሮአል። ታሞ ያስታመመችው፥ አእምሮዬ ይነሣኛል ብሎ ሲፈራ ያጽናናችው፥ የልጅነቱን ነገር ከአፉ የሰማችው እርሷ ናት። ባሏ በ1781 ሞተና በ1784 ጣልያናዊውን ሙዚቀኛ ጋብሪኤል ፒዮዚን ባገባች ጊዜ ግን ጆንሰን መራራ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ወዳጅነታቸውም እርሱ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ፈረሰ። ፍቅሩም ቍስሉም በመጽሐፏ ውስጥ ተደባልቀው ይታያሉ። ቀንና ዓመት በመመዝገብ ቸልተኛ ናት፤ የቤቱን ሰው ጆንሰንን በማሳየት ግን የሚተካከላት የለም።

ቦዝዌል ጆንሰንን ያገኘው ግንቦት 16 ቀን 1763 በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ቤት ነው። ጆንሰን የ53፥ እርሱ የ22 ዓመት ሰው ነበሩ። ሊቁም ወጣቱ የስኮትላንድ ሰው መሆኑን ሲሰማ በቀልድ ወጋው። ቦዝዌል ይህን ውርደቱን ሳያፍር ጻፈው፤ ራሱን ያላዳነ ጸሓፊ ሌላውን ሲገልጥ ይታመናል። ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ተዋወቁ፤ ነገር ግን ቦዝዌል መኖሪያው ስኮትላንድ ስለ ነበረ አብረው የዋሉባቸው ቀኖች ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። የመጽሐፉ እጅግ የሚበዛው ክፍልም ስለ እነዚህ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ ሚዛኑ ያጋደለ ነው። ሆኖም የሰማውን ንግግር በማስታወሻ ይመዘግብ ነበረ፤ ደብዳቤዎችን ሰበሰበ፤ አንድ ቀን በትክክል ለማወቅ ለንደንን ያዳርስ ነበረ። የጆንሰንን የሰውነት መንቀጥቀጥ፥ የአበላሉን ሥርዓት ማጣት፥ በክርክር መቈጣቱን አንዱንም አልሸሸገም። ሐና ሞር የተባለችው ደራሲ ሻካራነቱን እንዲያለዝብ ብትለምነው፥ የአውሬውን ጥፍር ቈርጦ ድመት እንደማያደርገው መለሰላት።

እንዲህ ያለው ድፍረት ለቤተ ክርስቲያን ሰው አዲስ አይደለም። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ፥ በአቴና አብሮት የተማረው ታላቁ ባስልዮስ በ379 ካረፈ በኋላ በተናገረው ድርሳን ወዳጁን ከአበውና ከነቢያት ጋራ እያነጻጸረ አመስግኖታል። ባስልዮስ ሳሲማ በምትባል በማትረባ ከተማ ላይ ሳይወድ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ የሾመው መሆኑን ግን አልረሳም፤ ኀዘኑም እንዳልወጣለት በዚያው ድርሳን ተናገረ። ቅሬታው ስላልተደበቀ ምስጋናው ይበልጥ ይታመናል።

ጆንሰን ራሱም በወጣትነቱ በዚህ ሥራ ተፈትኖአል። አብሮት ሌሊት በለንደን መንገድ ይንከራተት የነበረው ባለቅኔው ሪቻርድ ሳቬጅ በ1743 በብሪስቶል በዕዳ ታስሮ ሞተ፤ በ1744 ጆንሰን ታሪኩን ጻፈ። መጽሐፉ ግሩም ነው። ነገር ግን ሳቬጅ የአንዲት መኰንን ሚስት የነበረች ሴት ልጅ ነኝ፥ ወልዳ ጣለችኝ እያለ የተናገረውን ሁሉ አምኖ፥ ሴትዮዋን በሕይወት ሳለች ጨካኝ እናት አድርጎ በሕዝብ ፊት አቆማት። የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ፈረደ። የሳቬጅን ቃል ለመጠራጠር የሚያበቁትን ምክንያቶች ኋላ ያቀረበ ቦዝዌል ነው።

ይኸው ቦዝዌል በ1783 በጆንሰን ቤት ትኖር ከነበረች ሴት ስለ ሊቁ የሥጋ ፈተና የሰማውን ጽፎ፥ በላቲን ቋንቋ «የማይነገሩ» የሚል ርእስ ሰጠው። በመጽሐፉ አላገባውም፤ ወረቀቱንም አላቃጠለውም። የቦዝዌል ወረቀቶች በአየርላንድ በማላሃይድ ግንብ ከተገኙበት ከ1920ዎቹ ጀምሮ ምን ያህል እንደ ተወ መመርመር ተችሎአል። ጥፍሩን አልቈርጥም ያለ ሰው ይህን መሸሸጉ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል፤ አይደለም። ቍጣው በማዕድ ፊት የተሠራና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነበረ፤ ያኛው ግን በጓዳ የቀረ፥ ንስሓ አባት እንጂ አንባቢ ሊሰማው የማይገባ ነገር ነው። ቦዝዌል ነውርንና ምስጢርን ለይቶአል። ለወይዘሮ ፒዮዚ ግን ይህን ያህል አልራራላትም፤ ስሕተቷን ገጽ በገጽ እየለቀመ ሲያጋልጥ፥ እርሱ ያላያቸውን ሌሊቶች እርሷ ማየቷን አንድ ጊዜ እንኳ በቀና ልብ አልመሰከረላትም።