ለድጓ ጸሐፊ ምስጋና

ከጉና ማዶ፣ በጋይንት ምድር፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተልሔም፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ቁራሹን ለምኖ፣ ብርዱን ታግሦ፣ ድጓውን በገዛ እጁ የሚጽፈውን ደቀ መዝሙር ሳስብ ልቤ በአድናቆት ይመላል። ብራናውን ፍቆ፣ በወስፌ አስምሮ፣ የመቃ ብርዑን ቀርጾ፣ ንባቡን በጥቁር፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ካሰፈረ በኋላ፣ ከየቃሉ አናት ላይ ረቂቁን የዜማ ምልክት አንድም ሳያስቀር፣ ለእግዚአብሔር እንደሚቀርብ መሥዋዕት ተጠንቅቆ ያኖራል። ይህ ትጋት ቢጠፋ መጻሕፍቱ በማተሚያ ቤት ይበዙ ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ምልክት በእጁና በልቡ ያለፈችለት ሊቅ ከወዴት ይገኛል? የጉና ገበሬም ገብሱን ሲያርም፣ እኛም በየተግባራችን ስንሰማራ፣ በዚሁ ፍጹም ልብ ብንሠራ፣ የዕለት ድካማችን የተወደደ አገልግሎት ይሆንልናል።