ጭቃው መሃል

መናገሻ ሱባ ጫካ እንግዳ ስመራ መጀመሪያ የማስተምረው ጭቃ መርገጥን ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፤ ሰውም ለጫማው ሳስቶ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ዳሩ ሲጨቀይ ደግሞ ቀጣዩ ከዚያም ወጣ ብሎ ይረግጣል። ለአንድ ሰው የምትበቃ መንገድ በአንድ ክረምት የጋሪ መንገድ ታክላለች። ስለዚህ «መሃሉን ርገጡ፤ ጫማ ይታጠባል» እላለሁ።

እንግዶቼ የሚያዩት ሽቅብ አንጋጠው ነው። አልፈርድባቸውም። ጥድ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ቅርፊቱ እንደ ልጥ ይላጣል፣ ከቅርንጫፉም ሽበት የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም «የእርሳስ ዝግባ» እንደ ማለት ነው፤ እንጨቱ እርሳስ ይሠራበታልና። እኛ ዝግባ የምንለው ግን ሌላ ዛፍ ነው። የአካባቢው ኦሮሞዎችም ጥዱን ጋቲራ፣ ዝግባውን ቢርቢርሳ ብለው ይለዩአቸዋል። እኔ የሁለቱን ቅጠል አስይዛቸዋለሁ፤ እጅ የያዘውን ቶሎ አይረሳም።

ይህ ጫካ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ይህን ሳልተርክ አላልፍም፤ ዛፍ ያስተከለ ንጉሥ ታሪክ እወዳለሁ።

ከዚያ የእንግዶቼን ዓይን ወደ መሬት እመልሳለሁ። ጥድ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ሰማያዊዋን ፍሬ የምትይዘው ሴቴዋ ናት። ከሥሯ ግን ችግኝ ፈልጉ ብላቸው ብዙውን ጊዜ አያገኙም። ጥድ ብርሃን ይወዳል፤ በእናቱ ጥላ ሥር አይበረታም። የሚበቅለው ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማዩ በተከፈተበት፣ ወይም ብርሃን በሚያገኘው የመንገድ ዳር ነው። ጭቃ የሸሸ ጫማ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው።

ሥራውን ስጀምር ፈጣን ነበርኩ። ከ3,300 ሜትር በላይ፣ አስታው ወዳለበት የወጨጫ ተራራ ጫፍ ቶሎ ማድረስ ሙያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሐምሌ ከኋላ የቀረች አንዲት እናት እኛን ለመድረስ ስትጣደፍ አረንጓዴ በለበሰ ሥር ላይ አዳልጧት ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ለመደገፍ የያዘችው ግንድ ላይ የነበረው ሞስ የሚባለው አረንጓዴ ልባስ እንደ ቆዳ ተገፎ በእጇ ቀርቶ ነበር። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውኃውን የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። ለዚህ ነው ዝናብ ሲነካው ወዲያው የሚለመልመው፣ ለዚህም ነው እጅ የማይችለው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘገምተኛውን ሰው ከኔ ቀጥሎ አደርጋለሁ፤ የሁላችንም እርምጃ የሱ እርምጃ ነው። ጫፍ ሳንደርስ የምንመለስበት ቀንም አለ።

የማይቀርብን ግን አንድ ቦታ አለ። አሮጌ ጥድ የወደቀበት ገላጣ ነው፤ በግንዱ ዙሪያ ጉልበቴ የሚደርሱ ሰባት ችግኞች ቆመዋል። እዚያ ስንደርስ ሁሉም ቁጢጥ ብለው ይቆጥሯቸዋል፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው።